ሽምብራና ጓያ በአንድ ጆንያ አይቋጠሩ

የጥራጥሬ ገበያ በሚቆምበት ስፍራ ሽምብራና ጓያ ጎን ለጎን ተዘርግተው ሲሸጡ ይታያሉ። ሁለቱም የመረሬ መሬት እህሎች ናቸው፤ ሁለቱም ክረምቱ ሊወጣ ሲል ተዘርተው፥ አፈሩ ጠጥቶ በያዘው ውኃ አድገው የሚያፈሩ ናቸው፤ ሁለቱም ተቆልተው፥ ተከክተውና ተፈጭተው ሽሮ ይሆናሉ። ነገር ግን አንደኛው አካልን ሲያጠነክር፥ ሁለተኛው ዋና ምግብ ሆኖ ለወራት የተበላ እንደ ሆነ እግርን ይሰብራል። ይህን ያህል የሚለያዩ ሁለት እህሎች ተቀላቅለው በአንድ ስም መሸጣቸው እንደ ተራ የንግድ ብልሃት ተቆጥሮ ሊታለፍ አይገባውም።

ሽምብራ በቤታችን ያለውን ስፍራ ለአንባቢ መዘርዘር ትርፍ ነገር ይመስላል። ልጅ እሸቱን እየፈለፈለ ያድጋል፤ መንገደኛ ቆሎውን ይቋጥራል፤ ዱቄቱም ተለውሶና በዓሣ መልክ ተጠብሶ ወጥ ውስጥ ሲገባ የሽምብራ ዓሣ ይባላል። ከሁሉ በላይ ግን ሽሮው አለ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን የማያንስ ሲጾም ሥጋንና ወተትን የሚተካለት ጥራጥሬ ነው፤ ሥጋ ለመግዛት አቅም የሌለው ደግሞ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን በፍስኩም ቀን ያው ሽሮ በይ ነው። ከሽምብራ ክብደት አንድ አምስተኛው ያህል ገንቢ ምግብ ስለ ሆነ፥ ድኻው ከእንጀራው ጋራ ሲበላው የተጎዳ አይደለም።

በንግድም በኩል ቢሆን አገራችን በአፍሪቃ ከሚገኙት ሽምብራ አምራቾች ሁሉ ቀዳሚ ናት። ከቀድሞ ጀምሮ የምናውቀው ቀይ ቡናማው ትንሹ ሽምብራ ለቆሎና ለሽሮ ተወዳጅ ነው፤ ነጩና ትልቁ ዐይነት ደግሞ የውጭ ገዢዎች በተሻለ ዋጋ የሚፈልጉት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል እንደ ወጣው «አረርቲ» ያሉት የነጩ ዘሮች በአድአና በምንጃር ላለው ገበሬ ጥሩ ገቢ አስገኝተዋል። ገበሬው በማትረፉ ማንም ሊቈጭ አይገባም። ይሁን እንጂ የሽምብራ ዋጋ በወጣ ቍጥር ሽሮን በጣሳ የሚገዛው ከተሜ ወደ ርካሹ ፊቱን ያዞራል፤ የመቀላቀሉም ሥራ የሚጀመረው በዚሁ ጊዜ ነው።

ጓያን ገበሬው የሚዘራው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ውኃ የተኛበትን መሬት ይችላል፤ ዝናብ ሲያጥርም አይሞትም፤ ብዙ እርሻ አይጠይቅም፤ ተባይም እንደ ሽምብራ አይደፍረውም። ክፋቱ የሚመነጨው ከዚሁ ከደግነቱ ነው። በድርቅ ዓመት ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ብቻውን ቆሞ ይገኛልና፥ የተቸገረው ቤተ ሰብ ጧትም ማታም እርሱኑ ይበላል። በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምብያና በፎገራ፥ በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በወሎ በደላንታና በዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ ምክንያት ሽባ ሆነዋል። ሕመሙ ይበልጡን የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው፤ አይገድልም፥ አእምሮንም አይነካም፤ ነገር ግን እግር አንድ ጊዜ ከተሳሰረ መድኀኒት አልተገኘለትም። አራሽ የነበረው ሰው በምርኵዝ እየሄደ ዕድሜውን ይጨርሳል።

እዚህ ላይ አንባቢን ያለ መጠን ማስፈራት አልፈልግም። ከሽሮ ጋራ ጥቂት ጓያ የበላ ሰው በማግሥቱ አይሰበርም። በአገራችን የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፥ አደጋው የሚበረታው ጓያ በቆሎ፥ በንፍሮና በእሸት መልክ ሲበላ ነው፤ ከሌላ እህል ጋራ ተደባልቆ፥ ቅመምም ገብቶበት ሲሠራ ግን ይቀንሳል። መርዙ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ይረዳል፤ ሆኖም ፈጽሞ አያጠፋውም።

እንግዲህ የመቀላቀሉ ጕዳት ከዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። እናት ጓያ መግዛቷን ያወቀች እንደ ሆነ ትዘፈዝፈዋለች፥ ከስንዴ ወይም ከገብስ ጋራ ትደባልቀዋለች፥ ለልጆቿም ቆሎ አድርጋ አትሰጥም። ሽምብራ ገዛሁ ብላ የሄደችው ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታደርግም። ነጋዴው ከእርሷ የወሰደው የዋጋውን ልዩነት ብቻ አይደለም፤ ጥንቃቄዋንም ጭምር ወስዶባታል።

አንዳንድ ሰዎች ጓያ ጨርሶ ይከልከል ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የመረሬው ገበሬ በክፉ ዓመት የሚተማመንበትን እህል በወረቀት ብንከለክለው በጓሮ መዝራቱ አይቀርም፤ ተደብቆ የመጣውም ጓያ ስሙን ለውጦ ገበያ ይገባል። ይልቅስ በስሙ ይሸጥ፤ በጓያ ስም የሚሸጥ ጓያ ነውር የለበትም። ተቆጣጣሪዎችም ጊዜያቸውን በክክና በዱቄት መደብር ላይ ቢያውሉት ይሻላል። ሙሉው ፍሬ እንደ ሆነ ማንም ይለየዋል፤ ሽምብራ ምንቃር የመሰለች ሹል ጫፍ ስትኖረው፥ ጓያ ማዕዘን ያለውና እንደ ሽብልቅ ጠፍጣፋ ነው። ከተከካ በኋላ ግን መለየቱ ይከብዳል፤ ከተፈጨማ ዐይን አይረዳም። ስለዚህ አቅም ያላት እመቤት ፍሬውን ገዝታ፥ ለቅማና ቆልታ ወደ ወፍጮ ቤት ብትልከው የተዘጋጀ ዱቄት ከመግዛት ትድናለች። ይህ ለቀን ሠራተኛይቱ ከባድ መሆኑን እረዳለሁ፤ ለእርሷ ሲባል ነው ቍጥጥሩ የሚያስፈልገው።

በገበሬውም በኩል የሚሠራ አለ። ከጓያ መሬት ከፊሉ ወደ ሽምብራ ሊዞር የሚችል ነው፤ ችግሩ ውኃው ነው። ሽምብራ ሥሩ በውኃ ሲታፈን ይጠወልጋል፤ ውኃው እስኪጠፋ ጠብቀው ዘግይተው ሲዘሩት ደግሞ ሳያፈራ እርጥበቱ ያልቅበታል። ሰፋ ያለ መደብ አውጥቶ በመካከሉ ቦይ የከፈተ ሰው ግን ቀደም ብሎ ሊዘራ ይችላል። አበባው ሲያልቅ ወደ ፍሬው የሚገባውን ትል በየማለዳው መመልከት ያስፈልጋል። (በመንገድ ዳር የሚዘራ ሰው የእሸት ለቃሚውንም ነገር ማሰብ አለበት፤ ብዙዎች ሽምብራን ትተው ጓያ የሚዘሩት መንገደኛውን ሸሽተው ነው።) የተለፋበት ግን አይጠፋም፤ ሽምብራ በነበረበት መሬት ላይ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራ ጤፍ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ውኃውን ማጥፋት ለማይችልና ጓያን መተው ለማይሆንለት ገበሬ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 መርዙ ያነሰ «ዋሴ» የተባለ የጓያ ዘር ወጥቷል። ዘር በእጁ እስኪገባ ጊዜ ስለሚወስድ፥ የሚፈልገው ሰው የመስከረምን ደጅ ሳይጠብቅ በግንቦት ወደ ወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት ሄዶ ይጠይቅ።