ቡናውን የተከለ ስሙንም ይውረስ!

የተከበራችሁ የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎና የሻምቡ መራጮች!

የዓለም ቡና ነጋዴ ከተማችንን የሚያውቃት «ለቀምት» በሚለው የቡና ስም ነው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት ግን ለቀምት ከሦስቱ አልተቆጠረም። በዚያው ዓመት የጤፍ ዘር ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ በውል ተሰጠ፤ ኩባንያው ከሰረ፤ በጤፍ ላይ የወሰደው ፓተንት በሆላንድ ፍርድ ቤት የተሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ራሱ ማኅበረሰቡ ነው ይላል፤ መንግሥት ከጄኔቲክ ሀብት ከሚያገኘው የገንዘብ ጥቅምም 50 በመቶውን ለማኅበረሰቡ ይሰጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43ም ሕዝብ አካባቢውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ነገር ግን በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ መብት አስፈጻሚ ካላገኘ የገበሬውን ደጃፍ አይረግጥም።

ስለዚህ ፓርቲያችን ሲመረጥ፦

1. «ለቀምት» በውጭ ገበያዎች እንዲመዘገብ፣ ምልክቱንም የገበሬው ኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲያስተዳድሩት ያደርጋል፤
2. የ50 በመቶውን ሒሳብ በየዓመቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ለሕዝብ ያሳውቃል፤
3. ነዋሪው ሳይመክርበት ደንም ሆነ የማዕድን ቦታ ለባለሀብት እንዳይሰጥ በሕግ ይከለክላል።

ስማችንን በድምፃችን እናስመልስ!