ዊልቸሩን ስጡ፣ ካሜራውን አርቁ

በዓል በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥን የሚያሳየን አንድ ሥነ ሥርዓት አለ። ዊልቸሮች ይደረደራሉ፣ ባነር ይሰቀላል፣ ባለሥልጣኑና ለጋሹ ንግግር ያደርጋሉ። ተቀባዩም ከሰጪው ጋር ፎቶ ተነስቶ፣ ማይክሮፎን ሲቀርብለት ችግሩን ዘርዝሮ ያመሰግናል። ይህ እንደ ደግነት ይቆጠራል፤ የአካል ጉዳተኛውን ክብር ግን ይነካል፤ መብቱ የሆነውን ነገር በአደባባይ ምስጋና እንዲከፍልበት ያደርገዋልና።

መብት መሆኑ የታወቀ ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በመርሆቹ መጀመሪያ ላይ የሰውን ተፈጥሯዊ ክብርና የራሱን ምርጫ የማድረግ ነጻነት ጎን ለጎን አስቀምጧል። በሥነ ሥርዓቱ ላይ የሚጠፋው ይኸው ምርጫ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ ዊልቸር በተጠቃሚው ልክ ተስተካክሎ፣ አጠቃቀሙን አስተምሮ፣ ጥገናውም ታስቦ እንዲሰጥ ይመክራል። ሳይለካ የታደለ ዊልቸር ጀርባን ያጎብጣል፣ የመቀመጫ ቁስል ያመጣል፤ ጎማው ሲበላሽም ጥግ ይዞ ይቀራል። ደህና የሆነውም ቢሆን ደረጃ ፊት ይቆማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለዊልቸር ተጠቃሚ የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ሳለ፣ ከዚያ ወዲህ በደረጃ ብቻ የሚገባባቸው ሕንጻዎች ተሠርተዋል። ለእነዚህ ተጠያቂ የሆነ ሰው ዊልቸር ሲያድል ቢቀረጽ ዕዳው አይሰረዝለትም።

አገራችን ደሃ ናት፣ ያለ ለጋሽ አይሆንም የሚሉ አሉ። ለጋሽማ ያስፈልጋል። ነገር ግን ራምፕ ሕንጻው ሲነደፍ ከታሰበበት ከጠቅላላው ወጪ ትንሹን ነው የሚወስደው፤ የጎደለው አስገዳጅ ነው። ፎቶው ሌሎችን ለመስጠት ያነሳሳል የሚሉም አሉ። ስንት ዊልቸር እንደተሰጠና ከዓመት በኋላ ስንቱ እንደሚሠራ መዘገብም ያነሳሳል፤ የማንንም ፊት አያስፈልገውም። ባህላችን ነው ለሚሉት ደግሞ፣ ክርስትናውም እስልምናውም ምጽዋት በስውር እንዲሰጥ ይመክራሉ።

ስለዚህ ለጋሾች ለክተው ይስጡ፣ ለጥገናም ገንዘብ ይመድቡ፤ የሕንጻ ሹም ለዊልቸር የሚመች መግቢያ ለሌለው ሕንጻ የመጠቀሚያ ፈቃድ አይስጥ። ማመስገን የሚሻ ያመስግን፤ ዊልቸሩ ግን ላላመሰገነውም ይገባዋል።