ከመኪናው ወርዶ ይግባ

ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ለምርምር የሚገቡ መኪኖች በመንዝ ጓሳ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እንዲቆምልን ስለመጠየቅ

እኛ አመልካቾች ከጓሳ ጥግ የምንኖር ገበሬዎች ነን። ተመራማሪ አይምጣብን እንዳላልን በቅድሚያ ይታወቅልን። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ አይጥ ሲያድን እንደሚቀናው እረኛ ሁሉ ያያል፤ ከ100 ሙከራ 67ቱ እንደሚሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25ቱ ብቻ እንደሆነ ቆጥረው ያሳወቁን እነሱ ናቸው።

አቤቱታችን በመኪናቸው ላይ ነው። ከጣርማ በር መሐል ሜዳ ከሚወስደው መንገድ እየወጡ በሜዳው ላይ ይነዳሉ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ፣ ውሃ ያዘለ መሬት ነው፤ በክረምት ጎማ ያረፈበት ለከርሞ ቦይ ሆኖ ይጠብቃል። ከሥሩ ያለው የአይጥ ጉድጓድ ነው። አይጡ ከጠፋ ቀበሮው ምን ሊበላ ነው? ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ይህ አውሬ ከ500 እምብዛም እንደማይዘል የሚነግሩን ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ክረምት አንድ መኪና ሰጥሞ ሲቀር ጎትተን ያወጣነው እኛው ነን፤ ከጎማው ሥር ሊነጠፍ የታጨደው ሣርም እኛ ብናጭደው የምንቀጣበት ጓሳ ነበር።

አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ጓሳን ሲዘጉ 3 ዓመትና ከዚያም በላይ ማጭድ አይገባበትም ነበር፣ ቤት ቢያፈስም፣ ገሳ ቢያረጅም። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የአቅኚ አባቶቻችንን የአስቦንና የጌራን ርስት ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ በማኅበረሰብ ደንብ መልሰን እስክናቆመው ድረስ ብዙ አየን። ዛሬም ከብት አታስገቡ ስንባል አናስገባም። የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ቀበሮው እንዳይሻገር ውሾቻችሁን አስከትቡ ስንባል አስከትበናል። ታዲያ ደንቡ እግር ያለውን ይዞ ጎማ ያለውን ይለቃል?

ባሕር ባይኖረንም ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡት፣ ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ወሬ አለ። በደቡብ ዋልታ፣ ሳይንስ ነው ተብሎ ማንም እንዳሻው አይለቀቅም፤ በ1991 እ.ኤ.አ. ማድሪድ ላይ በተፈረመው ስምምነት መሠረት ተመራማሪም የሥራውን ጉዳት አስቀድሞ ማስገምገም አለበት። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ከባዱ የመርከብ ነዳጅ ወደዚያ ባሕር እንዳይገባ ተከልክሏል። እዚያ ያለው ፔንግዊን ነው፣ አቤት አይልም። እዚህ እኛ አለን።

ስለዚህ የምርምር ፈቃድ ሲሰጥ መኪና ከዋናው መንገድ እንዳይወጣ፣ ዕቃም በአጋሰስ እንዲጫን (በቅሎና ጉልበት ከእኛ አይጠፋም፣ ተገቢው ኪራይ ይከፈለን)፣ ያለቀ ባትሪና ቆሻሻም ተመልሶ እንዲወጣ በፈቃዱ ላይ እንዲጻፍልን እንለምናለን። ቦዩን የቆፈረው ወገን በራሱ ወጪ ይድፈን። የፈቃዱ ግልባጭ ለጓሳ ጠባቂዎቻችን ይድረስ፤ ያለዚያ ማን በምን እንደገባ ጠይቀው መመለስ አልቻሉም። እስከ ሰኔ መግቢያ መልስ ካልደረሰን አቤቱታችንን ወደ ክልሉ እንደምንወስድ በአክብሮት እናስታውቃለን።

አመልካቾች፣
ፊርማችንና የጣት አሻራችን በተያያዘው ወረቀት ላይ ሰፍሯል