የጤና መድህን ክፍያና የህክምና ሰነድ፦ አበርገሌን እንደ ማሳያ

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባወራው ሲታመም ጥሪቱን ሸጦ እንዳይታከም ለማድረግ የተዘረጋ ሥርዓት ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ደረጃ ሲጀመር ከአማራ ክልል ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ተመርጠዋል። አገልግሎቱ ከተስፋፋ ወዲህ ግን የመዋጮ አሰባሰቡን ያህል ትኩረት ያላገኘ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም የህክምና ሰነድ አያያዝ ነው።

የጤና ተቋሙ ለአባላት የሰጠውን አገልግሎት ወጪ የሚያስመልሰው ለወረዳው የመድህን ጽሕፈት ቤት በሚያቀርበው የክፍያ ጥያቄ ነው። የታካሚው ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣውና የአባልነት መታወቂያው ካልተመሳከሩ ክፍያው ይዘገያል ወይም ውድቅ ይሆናል። ገንዘቡ ያልተመለሰለት ጤና ጣቢያ መድኃኒት መግዛት ይቸግረዋል። መድኃኒት ያጣው አባልም ከግል መደብር በኪሱ ስለሚገዛ በቀጣዩ ዓመት አባልነቱን ለማደስ ያመነታል።

የጀርባና የአጥንት ህመም ችግሩን በግልጽ ያሳያል። በዋግ ኽምራ እንደ አበርገሌ ባሉ ወረዳዎች የሚኖር አርሶ አደር ወገቡን ሲታመም በአብዛኛው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ከመድህኑ ጋር ውል ስለሌለው ክፍያው አይሸፈንም። ህመሙ ጸንቶበት ጤና ጣቢያ ሲደርስ በካርዱ ላይ “የጀርባ ህመም” ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ በሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የተላከበት ምክንያት ለመርማሪው ግልጽ አይሆንም። የሪፈር ወረቀት ሳይዝ የሄደ አባል ደግሞ ወጪውን ራሱ ለመሸፈን ሊገደድ ይችላል።

ችግሩ የበለጸጉ አገሮችም ነው። የአሜሪካ የአረጋውያን ጤና መድህን የሆነው ሜዲኬር፣ ካይሮፕራክቲክ ከሚባለው ህክምና የሚከፍለው አከርካሪን በእጅ ለማስተካከል ብቻ ነው። ባለሙያው የህመሙን ታሪክ፣ የምርመራውን ውጤትና ግቡ የሚለካ የህክምና ዕቅድ እንዲመዘግብ ይገደዳል። ለውጥ ለማያመጣ የዘወትር ክትትል ክፍያ የለም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የመንግሥት ኦዲት፣ በ2013 ለዚሁ ህክምና ከተከፈለው 438 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 82 ከመቶ የሚሆነው መስፈርቱን እንደማያሟላ ገምቷል። ደንብ መኖሩ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል።

በአበርገሌ ጉዳዩን የሚያከብዱ ሁኔታዎችም አሉ። በ2013 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት በርካታ ነዋሪዎች ወደ ሰቆጣና አካባቢው ተፈናቅለዋል። መታወቂያውንና የቀድሞ ካርዱን ያልያዘ ተፈናቃይ አባልነቱን ማረጋገጥ የሚችለው በመዝገብ ብቻ ነው። በተጨማሪም ህመሙን በኽምጣና የሚያስረዳ ታካሚ ታሪክ በአማርኛ ሲመዘገብ፣ ህመሙ የጀመረበት ጊዜና መንስኤው ሊዘለል ይችላል።

ስለሆነም ተቋማት የክፍያ ጥያቄ ከመላካቸው በፊት ካርዱን ከማዘዣው ጋር እንዲያመሳክሩ፣ የሪፈር ምክንያት በዝርዝር እንዲጻፍ፣ የአባላት መዝገብም ከወረዳው ውጭ በሌላ ቦታ ቅጂ እንዲኖረው ማድረግ ይገባል። ጽሕፈት ቤቶችም ጥያቄውን ሲመልሱ የጎደለውን ሰነድ ለይተው ሊያሳውቁ ይገባል። መርማሪው የባለሙያውን የሰነድ ጉድለት በታካሚው ላይ እንዳይጥልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ድሃው አባል መዋጮውን የከፈለው መታከም እንዲችል ነውና፣ በወረቀት ጉድለት መብቱ ሊስተጓጎል አይገባም።