የጸሎተ ሐሙስ ውሃና የሕሙማን አልጋ



በዚህ ሳምንት ሐሙስ ዕለት በየአብያተ ክርስቲያናቱ የተፈጸመው የሕፅበተ እግር ሥርዐት ገና ከኅሊናችን አልራቀም። ካህኑ ወገቡን በማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ ከምእመናን እግር ሥር ዝቅ ብሎ፣ በጸሎት በተባረከው ውሃ፣ በወይራና በወይን ቅጠል የሽማግሌውንም የሕፃኑንም እግር ሲያጥብ አይተናል። ከዚያም ወደየቤታችን ተመልሰን ጉልባናችንን ቀምሰናል። ውሃው ተደፍቷል፤ ሳፋውም ለከርሞ ተቀምጧል። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሊቀርብልን ይገባል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እንደ ተጻፈው ጌታችን ይህን ያደረገው አርአያ ሊሆነን ከሆነ፣ ከዚህ ሐሙስ እስከሚቀጥለው ዓመት ሐሙስ ድረስ ሳፋውን የሚያነሣው ማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት በተማርሁበት የነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳይሆን በአንድ ሆስፒታል የሕሙማን ክፍል ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት ተወቃሹ እኔ ነኝና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሎ ሆስፒታል ገቡ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በቅዳሴ ጊዜ ካህናቱን ሳስታጥብ ያደግሁ፣ በየዓመቱም በጸሎተ ሐሙስ የውሃውን ዕቃ ይዤ ከካህኑ ጎን የምቆም ዲያቆን ነኝ። ይሁን እንጂ አባቴ ራሳቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው አንሶላቸው በረጠበ ጊዜ ከክፍሉ ወጥቼ በመተላለፊያው ቆምሁ። የአባቱን ዕርቃን ማየት ለልጅ ነውር ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ እኅቴ ከገጠር እስክትመጣም መጠበቅን መረጥሁ። እርሳቸውም ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ዝም አሉ። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። በእነዚያ ቀናት ምግብ አመጣሁ፣ መድኃኒት ገዛሁ፣ ጸሎት አደረስሁ፤ ውሃ ግን አላቀረብሁም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ተረኛ የነበረች አንዲት ወጣት ነርስ ወደ እኔ መጥታ፣ «ጋሼ፣ የአባባን ጀርባ ያየላቸው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ገልበጥ አድርጋ ስታያቸው ከወገባቸው ዝቅ ብሎ በጭራ አጥንታቸው ላይ ቆዳው መቆጣት ጀምሯል። አልተቆጣችኝም። መከለያውን ሳበች፣ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አስመጣች፣ ጓንቷን አጠለቀች፤ ከዚያም፣ «ከዚህ ይቁሙና ያግዙኝ» አለችኝ።

ያን ዕለት ያየሁትን ሥርዐት በዝርዝር ብናገር አንባቢ አይሰለቸኝ ይሆናል። የውሃውን ሙቀት በክንዷ ለካች። የምታደርገውን ሁሉ አስቀድማ ለአባቴ ትነግራቸዋለች፤ «አባባ፣ አሁን ፊትዎን ልጠብልዎ ነው» ትላቸዋለች። ዓይናቸውን ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ጠረገች፤ ለአንዱ ዓይን የተጠቀመችበትን የጨርቅ ጫፍ ለሌላው አልደገመችም። የምታጥበውን አንድ ክንድ ብቻ ገልጣ ሌላውን አካል በአንሶላ ትሸፍናለች፤ አጥባ ካደረቀች በኋላ ያንን ሸፍና ወደ ሚቀጥለው ታልፋለች። ውሃው ሲደፈርስ ቀየረችው። በጣቶቻቸው መካከል ሳይቀር አደረቀች። በመጨረሻ ኀፍረት ወዳለበት ስፍራ ስትደርስ ጨርቁን በሳሙና አርሳ በሚታዘዘው እጃቸው አስያዘቻቸውና፣ «እዚህ ላይ እርስዎ ይርዱኝ» ብላ ፊቷን መለስ አደረገች። ያልደረሱበትን ኋላ ጨረሰችላቸው። አባቴ ለሦስት ቀን የሸፈኑትን ፊታቸውን ገልጠው፣ «እኔን እንዳከበርሽኝ እግዚአብሔር ያክብርሽ» ሲሏት ሰማሁ። ታጠብሁ አላሉም፤ ከበርሁ ነው ያሉት።

በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ቅዱስ ጴጥሮስ ነበር። የሐሙሱን ወንጌል በምናነብበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ልባችን የሚያርፈው ዝቅ ባለው መምህር ትሕትና ላይ ነው። የታጣቢውን ጭንቀት ግን እንዘነጋዋለን። ጴጥሮስ እግሩን ሊሰጥ አልወደደም፤ የሚያከብረው መምህር በፊቱ ተንበርክኮ ሲያይ ኀፍረት ያዘው። ሕመምተኛም እንዲሁ ነው። ትናንት ቤተሰብ ያስተዳድር የነበረ አባወራ፣ ልጆቿን አጥባ ያሳደገች እናት፣ ዛሬ ገላቸውን ለሌላ ሰው እጅ መስጠት ከሕመሙ ይልቅ ይከብዳቸዋል። «ተይኝ፣ ደኅና ነኝ» የሚለው ሕመምተኛ ንጽሕናን የጠላ አይደለም፤ ጴጥሮስን ይመስላል። ጌታችን ጴጥሮስን በግድ አላጠበውም፤ ትቶትም አልሄደም፤ እስኪቀበል ድረስ በቃል አስረዳው እንጂ። መልካም ነርስም የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ይህ አገልግሎት የክብር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ሳይገላበጥ በአንድ ጎኑ ለረጅም ጊዜ ሲተኛ፣ አጥንትና አልጋ በመካከላቸው ያለውን ሥጋ ተጭነው የደም ዝውውሩን ያቋርጡታል። ጭራ አጥንት፣ ዳሌና ተረከዝ ቀድመው ይጎዳሉ። ርጥበት ሲጨመርበት ቆዳው ይላላና ይቆስላል፤ ቁስሉም እስከ አጥንት ሊደርስ፣ ሕመምተኛውንም ከገባበት በሽታ ይልቅ በዚህ ሊያሳጣን ይችላል። የዚህ ቁስል መነሻው በጣት ተጭነውት የማይነጣ መቅላት ነው፤ በጠይም ገላ ላይ መቅላቱ በቀላሉ ስለማይለይ ሙቀቱንና ጥጥሬውን በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ሐኪሙ በጉብኝት ሰዓት ከፊት ለፊት ያያል፤ ጀርባን የሚያየው ግን አጣቢው ነው። ያልጸዳ አፍም ለሳምባ ምች በር ይከፍታል። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው የነርስነት መጽሐፍ ለሕመምተኛ የገላ ንጽሕና ራሱን የቻለ ምዕራፍ የሰጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም።

በቤተ ክርስቲያናችንም ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ውዳሴ ማርያምን የደረሰው ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ማዕርጉ ዲቁና ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት በኤዴሳ ከተማ ረኀብ በገባ ጊዜ ከበዓቱ ወጥቶ፣ ባለጠጎችን ገሥጾ ገንዘባቸውን ተቀብሎ፣ በየአደባባዩ መጠለያ 300 ያህል አልጋዎችን አዘርግቶ ሕሙማንን ሲያስታምም እንደ ከረመ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን ይነግረናል። ቅዳሴው በእኛ ዘንድ የሚቀደሰው ቅዱስ ባስልዮስም በቂሣርያ ከከተማው ውጭ ለድኾችና ለሕሙማን ትልቅ ማረፊያ ሠርቶ፣ ሌላው የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን በገዛ እጁ ያቅፍ እንደ ነበር ወዳጁ ጎርጎርዮስ መስክሮለታል። በአገራችንም ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በሎንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን ተምረው በ1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመዝግበዋል። የሕፃናትን ገላ ሳያጥብ ይህን ሙያ የተማረ ሰው የለም። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያልናቁትን ሥራ እኛ እንዴት እንናቀዋለን?

ይሁን እንጂ እንንቀዋለን። ልጃችን ነርስ ሆና ስትመረቅ ፎቶግራፏን በሳሎን እንሰቅላለን፤ ሕመምተኛ አጠብሁ ስትል ግን፣ «ለዚህ ነው ያስተማርንሽ?» እንላታለን። መርፌ መውጋት ሙያ፣ ገላ ማጠብ ግን የሠራተኛ ሥራ ይመስለናል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ነርሶች ሳፋውን ለአስታማሚ ትተው መዝገቡን ብቻ ይይዛሉ። ይህን ስል የነርሶችን ችግር ዘንግቼ አይደለም። አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋዎች ተረኛ በሆነችበት፣ ውሃ በሚቋረጥበት፣ መከለያና ትርፍ አንሶላ በሌለበት ክፍል ሁሉንም ታጥብ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ሕመምተኛን የሚያጥበው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ ነው፤ ይህም በራሱ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያስመሰግን ባህላችን ነው። ችግሩ ያለው ማንም በማያሳየውና ማንም በማይጠይቀው ጊዜ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አስታማሚ የሌለው ሕመምተኛ ዕጣ ነው። ከሩቅ አገር የመጣ የቀን ሠራተኛ፣ ጧሪ ያጣች አሮጊት፣ ከጎዳና የተነሣ ወጣት ሳፋ ይዞ የሚመጣለት ዘመድ የለውም። ሐሙስ ዕለት የታጠበው የእኛ እግር ነበር፤ የእነርሱን ማን አጠበ?

ስለዚህ በዚህ በዓል ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በቤታችን ሕመምተኛ ያለን ሁሉ፣ ወንዶች ልጆችም ጭምር፣ ሥራውን ለእኅቶቻችን ብቻ አንተው። ነርሷን እንዴት ማጠብና ማገላበጥ እንደሚገባ እንጠይቃት፤ በራሱ መንቀሳቀስ የማይችል ሕመምተኛ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑን መቀየር እንዳለበት፣ የቀላውንም ስፍራ ማሸት ጉዳት እንጂ ጥቅም እንደሌለው እንወቅ። ሁለተኛ፣ የጽዋ ማኅበራትና የሰንበት ትምህርት ቤቶች በበዓል ቀን ሙዝና ብርቱካን ይዘን ሄደን ከመመለስ አልፈን፣ በሆስፒታሉ ፈቃድና በነርሶች መሪነት አስታማሚ ለሌላቸው ወገኖች በተራ እንቁም፤ ሳሙና፣ ፎጣና አንሶላ እናቅርብ። ሦስተኛ፣ የሆስፒታል ኃላፊዎች የገላ ንጽሕናን እንደ መድኃኒቱ ሁሉ በመዝገብ የሚሰፍር ሥራ ያድርጉት። ያልተመዘገበ ሥራ አይጠየቅበትም፤ ለሠራው ሰውም ምስጋና አይተርፈውም።

አባቴ ከዚያች ማታ በኋላ ለሰባት ሳምንታት በሕይወት ቆዩ። በየማለዳው ያጠብኋቸው እኔ ነኝ። እኅቴ ከገጠር ስትደርስ ሳፋውን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፤ አልሰጠኋትም። የጀርባቸው ቆዳ ዳነ፤ ሕመማቸው ግን አልተመለሰም። በክህነት አገልግሎቴ ካገኘኋቸው ጸጋዎች ሁሉ ያንን ሰባት ሳምንት የሚያህል አላውቅም፤ ከኀጢአቴም ሁሉ ያችን ሦስት ቀን እንዲሁ አልረሳም።

በትንሣኤው ሌሊት እኛ ጧፍ ይዘን በቤተ ክርስቲያን ስንቆም፣ ዶሮ ሲጮኽም ጾማችንን ስንፈታ፣ ነርሶች በተረኝነት ከሕሙማን አልጋ አጠገብ ያድራሉ። ከመካከላቸው አንዷ በዚያች ሰዓት የማታውቀውን ሰው ጀርባ በለብታ ውሃ እያጠበች ይሆናል። ከቅዳሴው የቀረች አይምሰለን፤ ሐሙስ የተጀመረውን አገልግሎት ያላቋረጠች እርሷ ናትና። ወደ ቤቷ ስትመለስ ፈስኩን ከማቅረባችን በፊት ተነሥተን የእጅ ውሃ እናስታጥባት።

መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንልን።