ስንተኛ ወጣህ?

ሰኔ 30 ካርድ ይዘን ወደ ሰፈር ስንመለስ የሚጠብቀን ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ስንተኛ ወጣህ?» ምን ተማርክ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። ዛሬ አሜሪካ ሆኜ ከሥራዬ ጎን ኤምቢኤ ልማር ብዬ ስነሳም ጎግል ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ይኸንኑ ነው። ምን ያስተምራሉ ሳይሆን ስንተኛ ናቸው።

ፍለጋው ፊላደልፊያ ያለው የቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ጉድ ላይ ጣለኝ። ፎክስ የሚባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤቱ በኦንላይን ኤምቢኤ በዩኤስ ኒውስ ሰንጠረዥ ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. አራት ጊዜ ተከታትሎ አንደኛ ተባለ። ተማሪው ጎረፈ፣ ገንዘቡም አብሮ። ለ2018ቱ ደረጃ ትምህርት ቤቱ «አዲስ የገቡት 255 ተማሪዎች በሙሉ የጂማት ውጤት አቅርበዋል» ብሎ ላከ። ያቀረቡት 50 ናቸው። ሃምሳ! ውጤት ያላቀረበው ሲበዛ ሰንጠረዡ ነጥብ ይቀንሳላ።

ከ1996 ጀምሮ ዲን የነበሩት ሞሼ ፖራት በኅዳር 2021 በፌዴራል ፍርድ ቤት በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባሉ። በመጋቢት 2022 የ14 ወር እስርና የ250,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደባቸው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ለከሰሱት ተማሪዎች ወደ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

«በቃ፣ ሌባው ተያዘ» የሚል አለ። እኔ አልስማማም። ትምህርት ቤቶቹ የሚልኩትን ቁጥር የሚሞሉት ራሳቸው ናቸው። ተማሪው የራሱን ፈተና አርሞ ካርዱንም ራሱ ሲሞላ አስቡት። ፎክስ ውስጥ ቁጥሩን የሚያጣራ ኮሚቴ ነበር፤ እሱንም አፈረሱት። አንደኝነት ገንዘብ እስካመጣ ድረስ ዲን ቢታሰር ሌላ ዲን ይፈተናል።

ደረጃ ለእኛ ለስደተኞች ይጠቅማል የሚለውን ክርክር ግን አልንቀውም። እዚህ የተማረ አባት ወይም አጎት የለንም፤ የቱ ትምህርት ቤት እንደሚሻል በጆሯችን ሹክ የሚለን የለም። ሰንጠረዡ አጎታችን ሆነ። ለዚህም ነው ውሸቱ ይበልጥ የሚያናድደኝ። የሚጎዳው ሌላ መረጃ የሌለውን ሰው ነው፤ ብድር ገብቶ፣ ማታ ከፈረቃ ተመልሶ የሚማረውን።

ደግሞስ ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ምን ይነግረን ነበር? ስንት ሰው ፈተና እንደተፈተነ። መምህሩ ማስተማር ይችል እንደሆነ አይነግረንም። ደረጃው ሲሰረዝ ኮርሶቹ እዚያው ነበሩ፣ መምህራኑም። በአንድ ቀን የጠፋው ቁጥሩ ብቻ ነው። እንግዲህ ተማሪው የከፈለው ለየትኛው ነበር?

እኛም ንጹሕ አይደለንም። «የት ገባሽ?» ብለን ስሙን ስንሰማ ፊታችን የሚፈካው ወይም የሚጨልመው ስለ ትምህርቱ አውቀን ነው እንዴ? ዲኖቹ ይህን ፊታችንን ያውቁታል፤ የሚሸጡልንም እሱኑ ነው።

ባለፈው ሳምንት ላሰብኳቸው ሁለት ትምህርት ቤቶች ኢሜይል ላክሁ። አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይይዛል? ከገቡት ውስጥ ስንቱ አቋርጦ ይወጣል? አንደኛው እስካሁን ዝም ብሏል። ሌላው በማግስቱ የሚያምር ብሮሹር ላከልኝ፤ ከላይ በትልቁ ደረጃው ተጽፎበታል። ጥያቄዬ አልተመለሰም፣ ደግሜ ልኬዋለሁ።