ሰኔ በጅቡቲ የመዝሪያ ወር አይደለም

በደጋው አገር ሰኔ ሲገባ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን አዘጋጅቶ ወደ እርሻው ይወጣል፤ ሰማዩም ይረዳዋል። በጅቡቲ ከተማ፣ በግቢው ጓሮም ሆነ በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለማ ሰው ይህንኑ ልማድ ቢከተል ግን ድካሙ ከንቱ ይሆንበታል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ የጅቡቲ ከተማ ድርሻ በአማካይ ከ200 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ያውም በአብዛኛው የሚዘንበው ሙቀቱ በሚበርድበት ወራት ነው። በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስም ቅጠሉን ይለበልባል። ስለዚህ የወሩ ዋና ሥራ ያለውን መጠበቅ እንጂ አዲስ መዝራት አይደለም።

«አትክልት የሚወደደው በሙቀት ጊዜ ነውና መትከል የሚገባው አሁን ነው» የሚል አሳብ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ቲማቲም በእንዲህ ያለው ሙቀት አበባውን ያረግፋል፤ በከንቱ የሚጠጣው ውሃም ከጉድጓድ የሚቀዳ ነው። የአምቡሊ የከርሰ ምድር ውሃ ለባሕር ቅርብ ስለ ሆነ ያለ ልክ ሲሳብ የባሕሩ ውሃ በሥር ይገባበታል፤ ጨው የገባበት ጉድጓድም በቀላሉ አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ ሐደጋላ በቧንቧ የመጣው ውሃና በ2021 በዶራሌ ሥራ የጀመረው የባሕር ውሃ ማጣሪያ ከሁሉ አስቀድሞ ለሕዝቡ መጠጥ የታሰቡ ናቸው። ሙቀት የሚችል አትክልት የፈለገ ሰው ጥቂት ባሚያ ይበቃዋል።

በዚህ ወር የሚገባው ሥራ የሚከተለው ነው። የተምር ዘለላ ነፋስ እንዳይሰብረው ከዝንጣፊው ጋር ይታሰር፤ ወፍ እንዳይበላውም በመረብ ይሸፈን። ለጋ ተክሎች ዳስ ይሠራላቸው፤ በግንዳቸው ዙሪያ ደረቅ ሣር ይጎዝጎዝ። ለዛፎች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚረጭ ውሃ በፀሐይ ተንኖ ጨዉን በአፈሩ ገጽ ላይ ይተዋልና፣ ቀናትን አሳልፎ ሥር እስኪደርስ ማጠጣት ይሻላል፤ ይኸውም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ቅጠሉን ሳይነኩ ነው። ባዶ የሆነው መደብ አንድ ጊዜ ረጥቦ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቢሸፈን፣ የፀሐዩ ግለት ብዙውን የአረም ዘርና የአፈር ተባይ ይገድላል። ጠላት የሆነው ፀሐይ በዚህ ብቻ አገልጋይ ይሆናል።

የውሃ በርሜልም ያለ ክዳን አይቀመጥ። በውሃ ማጠራቀሚያ የሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በጅቡቲ ከታየበት ከ2012 ወዲህ፣ በዚያው ዓመት 27 ብቻ የነበረው የወባ በሽተኛ ቁጥር በ2020 ከ73,000 በላይ ደርሷልና።

ሹማምንትም የጉድጓዶቹን የጨው መጠን በየጊዜው ቢያስመረምሩና ዘሩን ከወዲሁ ቢያዘጋጁ፣ በመስከረም በጥላ ሥር ችግኝ ያፈላ አትክልተኛ በጥቅምት ይተክላል። በሰኔ ውሃውን የቆጠበ ሰው ያን ጊዜ የሚያጠጣው አያጣም።